መቶ አምስት ከመቶ

አዋላጇ ጡረታ በወጡ በዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ልጃቸው «እማዬ፣ አርፈሽ ብትቀመጪስ?» ብትላቸው፣ «ሠላሳ ዓመት ቆሜ ሠራሁ፤ አሁን ልቀመጥ ነው የምሄደው» አሏት።

የማኅበራዊ ሥነ ልቦና መምህሩ በመጀመሪያው ቀን የኮርሱን መመሪያ አደለና መስመር በመስመር አነበበው። አሥር ደቂቃ ያረፈደ አይገባም። ስልክ ይዘጋል። የሰው ሥራ የገለበጠ ዜሮ ያገኛል። ቀጥሎ ወደ ነጥቡ ሄደ፦ ክፍል መገኘት አሥር፣ የቡድን ሥራ ሃያ አምስት፣ የአጋማሽ ፈተና ሠላሳ፣ የማጠቃለያ ፈተና አርባ።

«ጥያቄ ያለው?»

ሰማንያ ተማሪ ዝም አለ። አዋላጇ እጃቸውን አወጡ። «መምህር፣ ሲደመር መቶ አምስት ይመጣል።»

መምህሩ ደመረ። ደግሞ ደመረ። ይህንኑ ወረቀት ስድስት ዓመት ሲያድል ኖሯል። «ሌላ ያየ ነበር?» ሲል መጀመሪያ አንድ እጅ ወጣ፤ ከዚያ የክፍሉ ግማሽ ያህል።

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?»

«ሁሉም ዝም ሲል እኔ የተሳሳትኩ መሰለኝ» አለች አንዷ ተማሪ።

«ይሄ የኮርሳችን ምዕራፍ አራት ነው» አለ መምህሩ ኮስተር ብሎ። ጆሮው ግን ቀልቷል።

ከቡድን ሥራው ላይ አምስት ቀነሰ። ተማሪው ሁሉ በቀረበት አምስት ነጥብ አዋላጇን አኮረፋቸው፤ ቡድን ሲመሠረትም የሚወስዳቸው ጠፋ። ሆድ ብሷቸው ብቻቸውን ሊሠሩ ሲነሡ ያችው ተማሪ ደብተሯን ይዛ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እማማ፣ እኔም ቡድን የለኝም» አለች። ውሸቷን ነበር።

ሁለት ሆነው ሠሩ፤ ከሃያ አሥራ ስምንት አገኙ።