የሰዒዳ ኮምፒዩተር ቀጥ ያለ ዕለት

ሰዒዳ የንፋስ መውጫ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት። በ1980 ዓ.ም. ከተማው ውስጥ በነበረ አንድ የእርዳታ ድርጅት ጸሐፊ ሆና ስትቀጠር፣ አዲስ አበባ ልከው ኮምፒዩተር አስተማሯት። ያኔ ለንፋስ መውጫ ሰው ኮምፒዩተር ብርቅ ነበር፤ ጀኔሬተሩ ሲነሳ መንገደኛው በመስኮት እያጮለቀ ያያት ነበር።

ሰዒዳ ግን ሰላም አልነበራትም። ወንድሟ ጁሃር ከብሔራዊ ውትድርና ሸሽቶ ሱዳን ከገባ ወዲህ ካድሬዎቹ ቤተሰቡን በክፉ ዓይን ያዩታል። አባቷን ደጋግመው ጠርተው ጠይቀዋቸዋል። እኔም ተራዬ ይደርሳል እያለች ትፈራ ነበር።

አንድ ቀን የአውራጃው ካድሬ ጓድ ደምሌ ሽጉጡን እንደታጠቀ መጥቶ ከኋላዋ ቆመ። የዘር እህል ክፍፍሉ ሪፖርት ታትሞ፣ ደጅ በቆመው ላንድሮቨር ወደ ጎንደር መሄድ ነበረበት። የመጨረሻውን ገጽ ስትጽፍ ማሽኑ ቀጥ አለ። ብትመታ ብትመታ ፊደል የለም።

"ምነው ቆምሽ?"

"ማሽኑ እምቢ አለኝ፣ ጓድ።"

"ማሽን እምቢ ይላል እንዴ?" ድምፁ ዝቅ አለ። "ወንድምሽ አገሩን ከድቶ ሄደ። አንቺ ደግሞ እዚህ ተቀምጠሽ አሻጥር ትሠሪያለሽ?"

አስተማሪዋ አቶ ይርጋ ያሳዩዋት ሁለት ዓይነት ማሽን ነበር፤ አንዱን የሚያስነሳው ቁልፍ ለሌላው አይሠራም። በድንጋጤ የሌላኛውን ማሽን ቁልፍ ነካች። ምንም የለም። ቆይቶ የአቶ ይርጋ ቃል መጣላት፦ "መጀመሪያ ኮንትሮልን ይዘሽ 'ሲ' ፊደልን ምቺ። እምቢ ካለሽ ኮንትሮል፣ ኦልትና ዲሊትን ባንድ ላይ ተጫኚ። ዲስክ ላይ ያላስቀመጥሽው ግን ይጠፋል።"

ኮንትሮልንና 'ሲ'ን መታች። ዝም። ጣቶቿን ሦስቱ ቁልፎች ላይ አኖረች፤ መጫኑ ግን ከበዳት። ከተጫነች ጽሑፉ የካድሬው ዓይን እያየ ይጠፋል። ካልተጫነችም ማሽኑ እንደ ደረቀ ይቀራል። ዓይኗን ጨፍና "ቢስሚላህ" አለችና ተጫነች።

ማሽኑ ጢጥ ብሎ ጨለመ። ደምሌ ትከሻዋን ጨምድዶ ያዛት።

"አጠፋሽው!"

"ይመለሳል ጓድ፣ ትንሽ ይታገሱኝ።"

ተመለሰ። ቀድማ ዲስክ ላይ ያስቀመጠቻቸው ገጾች አሉ፤ የመጨረሻው የለም። ይህንኑ ነገረችው። ጥፊውን ስትጠብቅ፣ ካድሬው ወንበር ስቦ ቁጭ አለ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ይህ ነገር ዛሬ ካልሄደ የጎንደር አለቆቼ እኔንም አይምሩኝም" አለ በሹክሹክታ። "በእጅ የተጻፈውን ረቂቅ ላንብብልሽ፣ ጻፊ።"

እሱ አነበበ፣ እሷ ጻፈች፤ በየመስመሩም ዲስክ ላይ ታስቀምጥ ነበር። ሪፖርቱ ታትሞ መኪናው ሄደ። ደምሌ ሲወጣ ደህና ዋይ እንኳ አላላትም፤ ከዚያ በኋላም ስለዚያ ቀን አንስቶ አያውቅም። ሰዒዳን እንደ አባቷ ለጥያቄ የጠራት ሰው አልነበረም። ቢሆንም ለብዙ ጊዜ፣ ከኋላዋ የእግር ኮቴ በሰማች ቁጥር ልቧ ይርድ ነበር።