የአስካለማርያም ካርዶች

ጋሽ ሀብተ ማርያም ባለቤታቸውን በቀበሩ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሥራ ገቡ። ቦንጋ፣ ከገበያው ዳገት በላይ ያለችውን ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ከተከፈተችበት ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ የሚይዟት እሳቸው ናቸው። የጽዳት ሠራተኛዋ ትርንጎ በሩ ላይ ስታያቸው ደነገጠች።

«እስከ አርባው ያርፋሉ ብዬ ነበር እኮ፣ ጋሼ።»

«ቤት ምን እሠራለሁ?» አሉና ቁልፉን ተቀበሏት።

ሰው ሁሉ አዝኖላቸዋል። እሳቸው ግን ማዘናቸውን እርግጠኛ አልነበሩም። አስካለማርያም በኩላሊት ሕመም ስምንት ወር ተኝታ ስትሞት፣ አንድ ነገር ከውስጣቸው ገንፍሎ የሚወጣ መስሏቸው ጠብቀው ነበር። አልወጣም። ለቅሶ ቤት ተቀምጠው ዝናቡ ድንኳኑን ሲደበድብ ሲያዳምጡ ዋሉ። «አይዞዎት» ሲሏቸው «እሺ» ይላሉ።

ወሩ ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 2003 ላይ፣ የአካባቢው ተወላጆች አዋጥተው የላኳቸው አራት ኮምፒውተሮች በላስቲክ ተጠቅልለው ከጅማ በሚኒባስ መጡ። ሄርሜላ የምትባል ከደብረ ብርሃን የመጣች ወጣት ባለሙያም አብራ ተመደበች።

«የመጻሕፍቱን ዝርዝር በሙሉ ሲስተም ውስጥ እናስገባዋለን፣ ጋሽ ሀብቴ» አለች። «ከዚያ በኋላ አንባቢው የመጽሐፉን ስም ይጽፋል፣ ማሽኑ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ ይነግረዋል።»

ሽማግሌው እንቢ ይሉኛል ብላ የማግባቢያ ቃል አዘጋጅታ ነበር። እሳቸው «ከየት እንጀምር?» ብቻ አሉ።

ዝርዝሩ ያለው ሃያ አራት መሳቢያ ባለው የእንጨት ቁምሳጥን ውስጥ፣ በካርድ ላይ ነው። ካርዶቹን የጻፈችው አስካለማርያም ነች። የባሏ እጅ ጽሑፍ አይነበብም፤ እሷ ደግሞ የአማርኛ አስተማሪ ነበረች። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እየመጣች፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ፣ በሦስት ክረምት ጨረሰችው። የመሪጌታ ልጅ ስለሆነች በሠ እና በሰ፣ በፀ እና በጸ ቀልድ አታውቅም። የመጽሐፉ ሽፋን ራሱ ተሳስቶ ከሆነ «አሳታሚው ይፈር!» ብላ አርማ ትጽፈዋለች።

ይህን ለሄርሜላ አልነገሯትም። የደበቁበት ምክንያትም አልነበራቸውም። ካርድ ያወጣሉ፣ ኮምፒውተሩ ላይ በሁለት ጣት ይጽፋሉ፣ ካርዱን ይመልሳሉ። መብራት ሲጠፋ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው እስኪመጣ ይጠብቃሉ። ቀኑን ሙሉ የሚስታቸውን ጽሑፍ ሲያዩ ይውላሉ፤ የሚታያቸው ግን ርዕስ፣ ደራሲ፣ ቁጥር ብቻ ነው።

ጥቅምት ላይ ሦስት ሺህ ስድስት መቶው ካርድ አለቀ። በዚያው ሳምንት የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ደጉ ወረቀት ይዞ መጣ። ቁምሳጥኑ ለሌላ ቢሮ ተፈልጓል።

«ካርዱስ፣ ጋሼ? ይወገድ?»

«የት ጋ ነው የምፈርመው?» አሉት።

ፈረሙ። ሄርሜላ በሩን ከፍታ ያዘች፣ ካርዶቹ በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቀው በጋሪ ተጫኑ። ጋሽ ሀብተ ማርያም ግድግዳው ላይ ቁምሳጥኑ የነበረበትን ነጣ ያለ ቦታ ትንሽ አዩትና ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አንዲት ከደካ የመጣች ተማሪ «የአሳ እርባታ» ብላ ጻፈች። ማሽኑ ምንም የለም አላት። መጽሐፉ ከጀርባዋ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ሄርሜላ ፈልጋ ደረሰችበት፤ የተመዘገበው «የዓሣ እርባታ» ተብሎ ነው። በማግስቱም «ጸሀይ» ያለው ልጅ «ፀሐይ»ን አጣት።

«ጋሽ ሀብቴ፣ ሁሉንም ወደ አንድ ፊደል እንቀይረው» አለች። «በአንድ ትእዛዝ የሚያልቅ ነገር ነው። ዛሬ ልዩነቱን ማን ያውቃል?»

«ለማሽኑ እንደሚመች አድርጊው» አሉና ምሳቸውን ሊበሉ ወጡ።

ትርንጎ መጥረጊያዋን አቆመች። «የኔ እህት፣ እሱን ካርድ እኮ እትዬ አስካለማርያም ናት የጻፈችው። ሚስታቸው። መጋቢት ላይ የሞተችው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ጋሽ ሀብተ ማርያም ሲመለሱ ሄርሜላ ፊቷ ቀልቶ ጠበቀቻቸው።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ?»

«በሩን ይዤ ያስጫንኩት እኮ እኔ ነኝ!» አለችና አለቀሰች።

መሐረባቸውን አውጥተው ሰጧት። አስካለማርያምን አይታት የማታውቅ ልጅ እያለቀሰችላት ነው። እሳቸውም እንባው ይመጣልኝ ይሆን ብለው ጠበቁ። ዓይናቸው ደረቅ ነበር። ውጭ ባጃጅ ጥሩምባ ሲያሰማ ሰሙ።

ሄርሜላ ትእዛዙን ሳትሰጥ ቀረች። በምትኩ በየመጽሐፉ ሥር፣ ርዕሱ ሰው በለመደው ፊደል የሚጻፍበት፣ ለአንባቢ የማይታይ ሁለተኛ መስመር ከፈተች። ማሽኑ እዚያ የተጻፈውን «አሳ» ሲያገኝ ከላይ ያለውን «ዓሣ» አውጥቶ ያሳያል። አቋራጭ መንገድ ስላላወቀችለት አንድ በአንድ መጻፍ ነበረበት። ለሁለት ተካፍለው አምስት ወር ፈጀባቸው። አንድም ቀን ስለ አስካለማርያም አላወሩም።

ግንቦት 2004 ላይ አገልግሎቱ ሲመረቅ ባለሥልጣናት መጡ። አንድ ተማሪ «አሳ» ብሎ ጻፈ፤ ስክሪኑ ላይ «የዓሣ እርባታ» ወጣ፤ ተጨበጨበ።

«አዩት፣ ጋሽ ሀብቴ?»

«አየሁት።»

«ደስ አላለዎትም?»

ሊዋሿት አልፈለጉም። «ደስ ሊለኝ እንደሚገባ ገብቶኛል» አሉ። «ለጊዜው ያለኝ ይኸው ነው፣ ልጄ።»

ሄርሜላ በዓመቱ ተዛውራ ወደ አገሯ ሄደች። ስልክ ትደውልላቸዋለች፤ ስለ መብራትና ስለ ዝናብ ያወራሉ። እሳቸው በ2008 ጡረታ እስኪወጡ በዚያችው ወንበር ቆዩ። አዲስ መጽሐፍ ሲመጣ፣ ርዕሱን ከመጻፋቸው በፊት፣ መዝገበ ቃላቱን ከመደርደሪያ አውርደው፣ ሠ ይሁን ሰ፣ ፀ ይሁን ጸ እያሉ ቃል በቃል ያመሳክራሉ። ለአንድ መጽሐፍ ግማሽ ሰዓት የሚጨርሱበት ቀን አለ።

«በየትኛውም ፊደል ቢጻፍ ማሽኑ ያገኘዋል አላሉም እንዴ ጋሼ? ለማን ብለው ነው?» አለቻቸው ትርንጎ አንድ ቀን።

«አጻጻፉ እንዲህ ነው» አሉ ቀና ሳይሉ፣ ገጹንም ገለጡ።