ለሁለት ሰው ስንቅ

ቀናተኛ ነኝ፤ ለምን እዋሻለሁ? ባሌ ከገዛ እናቱ ጋር ጠጋ ብሎ ሲያወራ እንኳ ደሜ ይፈላ ነበር። አሁን እኔም አርጅቻለሁ፣ እሱም አፈር ለብሷል፤ ስለዚህ ያንን ጉዴን ብጽፈው የሚቆጣኝ የለም። ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብላ በምትገኘው ባለ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤታችን ውስጥ ነው። እኔ ልብስ እሰፋለሁ፣ እሱ ሁለተኛ ደረጃ ታሪክ ያስተምራል። ልጅ ገና አልወለድንም። ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔ፣ እሱና የስፌት መኪናዬ ነን።

በዚያ ዓመት ትምህርት ቤታቸው ኤግዚቢሽን ያሳያል ተባለና ባሌ አሜሪካኖች በሠረገላ ወደ ምዕራብ ሄደው የሰፈሩበትን ታሪክ መረጠ። የትምህርት ቤቱ ካድሬ መጀመሪያ «አሜሪካ» የሚለውን ስም ሲሰማ ፊቱን አጨፍግጎ ነበር። ኋላ ግን ቀይ ሕንዶች መሬታቸውን እንዴት እንደተነጠቁ የሚያሳይ ነው ሲሉት፣ «እሱማ ኢምፔሪያሊዝምን ያጋልጣል፣ ቀጥሉበት» ብሎ ፈቀደ። ካርታውን እንድትሥል የጂኦግራፊ አስተማሪዋ ተመደበች። እኔ ላይ መዓቱ የወረደው ያኔ ነው።

ስሟን አልጠራም፤ ያኔም አልጠራውም ነበር። «ያቺ ጂኦግራፊ» ነበር የምላት። ጠይም፣ ቀጭን፣ ጎፈሬዋን ያበጠረች፣ ሱሪ ለባሽ። ቅዳሜ ከሰዓት ትምህርት ቤቱ ስለሚዘጋ ሥራውን እኛ ቤት አመጡት። የመጀመሪያ ቀን በሩ ላይ ቆማ፣ «እትዬ፣ እንደምን ዋሉ?» አለችኝ። እትዬ! ደግሞ «ዋሉ»! በሁለት ዓመት ብበልጣት ነው እኮ! «እግዜር ይመስገን፣ ግቢ» አልኳት ጥርሴን ነክሼ።

ወለሉ ላይ ትልቅ ወረቀት ዘርግተው ሁለቱም ይንበረከካሉ። እሷ ወንዙን በሰማያዊ፣ ደረቁን አገር በቡኒ ትቀባለች፤ እሱ አጠገቧ ሆኖ ያወራላታል። ደግሞ እንዴት አድርጎ እንደሚያወራላት! ሠረገላውን የሚጎትተው አብዛኛውን ጊዜ በሬ እንጂ ፈረስ እንዳልነበረ፣ ሠረገላው በዕቃ ስለሚሞላ ሴቱም ሕፃኑም ግማሽ ዓመት ያህል በእግሩ እንደሚሄድ፣ በሬው ሲደክም ደግሞ ያ ከስንት አገር ተጎትቶ የመጣ ቁም ሳጥንና የብረት ምድጃ ሜዳ ላይ ተጥሎ እንደሚታለፍ። «ሰዉን የፈጀው የሕንዶቹ ቀስት እንዳይመስልሽ» ይላታል። «በሽታና ውሃ ነው። ደረቁ አገር ሲገቡ መራራ፣ ጨዋማ ውሃ ያገኛሉ፤ እሱን ጠጥቶ ስንት ከብት አለቀ!» እኔን ካገባኝ ጀምሮ እንዲህ ባለ ድምፅ ስለ ምንም ነገር አውርቶኝ አያውቅም። እኛ የምናወራው የቀበሌው ሱቅ ስኳር መጣ አልመጣ ነው። ድምፃቸውን እንዳልሰማ መኪናዬን በእግሬ እረግጠዋለሁ፤ በዚያ ሰሞን ስንት መርፌ እንደሰበርኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

አንድ ቅዳሜ ጨዋታ ጀመሩ። ሠረገላው ላይ አንድ ነገር ብቻ መጫን ቢፈቀድልሽ ምን ትጭኛለሽ ይላታል። «መጻሕፍቴን» አለች። «እኔም!» አለ እሱ፣ ተያይተውም ሳቁ። ማንም ሳይጠይቀኝ፣ «እኔ የስፌት መኪናዬን» አልኩ። ባሌ ዞር እንኳ ሳይል፣ «እሱማ ከባድ ነው፤ የመጀመሪያው ዳገት ላይ ነው የሚጣለው» አለ። ለቀልድ ነው ያለው። እኔ ግን የተጣልኩት እኔ ራሴ መሰለኝ። የዚያን ዕለት እራት አላቀረብኩለትም። «መጽሐፍህን ብላ» አልኩት።

ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ግን ዝምታቸው ነው። ሻይ ይዤ ስገባ ጭጭ ይላሉ። እሱ ጣሪያ ያያል፣ እሷ ብሩሿን ታጥባለች። እኔ ሞኝ ነኝ? ጎረቤቴ በአጥር አሻግራ፣ «ዛሬም ካርታ ነው?» እያለች ትስቃለች። «ካርታ ነው» እላለሁ። «ይሁንልሽ» ትላለች።

ጭራሽ የሠረገላውን ሸራ እኔ እንድሰፋ ተጠየቅሁ። ባሌ በቁመቴ ልክ የሚሆን ሠረገላ ከጣውላ አሠርቷል፤ ከላዩ እንደ ድንኳን የሚጎብጥ ነጭ ክዳን ይፈልጋል። አቡጀዴ አምጥተው ሰጡኝ። ምን ላድርግ፣ ሰፋሁ። ደግሞ ሥራዬን ማበላሸት አልችልበትም፤ አንድ የተጣመመ ስፌት አልነበረውም። ያቺ ጂኦግራፊ ጫፉን በጣቷ እየዳበሰች፣ «እጅዎን ይባርከው፣ እትዬ» ስትለኝ፣ ጨርቁን ከእጇ መንጭቄ ልቀደው ምንም አልቀረኝም።

ኤግዚቢሽኑ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ባሌ ደግሞ በሶ አዘጋጂልኝ አለኝ።

«ለምን?»

«ለኤግዚቢሽኑ ነዋ። የመንገደኛ ስንቅ ምን እንደሚመስል ተማሪዎቹ እንዲቀምሱ።»

«አሜሪካኖቹ በሶ ይበሉ ነበር እንዴ?»

«ለማነጻጸር ነው» አለና ዓይኑን ከዓይኔ አሸሸ።

ባሌ ከምግብ ሁሉ በሶ ይወዳል። ገብሱን ቆላሁ፣ ወፍጮ ቤት ተሰልፌ አስፈጨሁ፣ ነፍቼ ከረጢት ሞላሁለት። ዓርብ ከሰዓት የጃኬቱ ገበር ተቀዶ አየሁና ልሰፋለት አነሳሁት። ኪሱ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። ከላይ በባሌ እጅ «ለሁለት ሰው» ይላል። ከሥሩ፦ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በረባሶ ሁለት ጥንድ፣ የውሃ ኮዳ ሁለት፣ ክብሪት፣ ጋቢ አንድ። ግርጌው ላይ ደግሞ በእሷ ቀጭን እርሳስ ከጎንደር ወደ መተማ የተሰመረ መስመር አለ፤ አጠገቡ «ስድስት ቀን በእግር» ተብሎ ተጽፏል።

በረባሶ ያደረገ አሜሪካዊ የት ታይቶ ያውቃል? በዚያ ጊዜ ሰው ወደ ሱዳን እየጠፋ ነበር፤ ትናንት ቢሮው የነበረ ሰው ዛሬ የለም። ገባኝ። ባሌ ከዚያች ጋር ሊጠፋ ነው፤ ስንቁንም ያዘጋጀሁለት እኔው ነኝ። ሌላው ሁሉ ይቅር፤ ለሁለት ሰው አንድ ጋቢ! በቅናት ድብን አልኩ።

ያንን ወረቀት ይዤ ቀበሌ ብሄድ ኖሮ ሁለቱም የገቡበት አይታወቅም ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ነጠላዬን አንስቼ እስከ በሩ ደርሻለሁ። ከበሩ የመለሰኝ ደግነት አይደለም። «ባሏ ጥሏት ሊሄድ ቢል አሳሰረችው» ተብሎ ሲወራ ታየኝና አፈርኩ። ለምኜ ላስቀረውም ኩራቴ አልፈቀደልኝም። ይሂድ! ጥርግ ይበል!

ወረቀቱን ወደ ኪሱ መለስኩት። ግን እንዲሁ አልሸኘውም። የበሶውን ከረጢት ፈታሁና ጨው ጨመርኩበት። አንድ እፍኝ። ሌላ እፍኝ። «ይቺ ለእትዬ፣ ይቺ ለመጻሕፍቱ፣ ይቺ ለጋቢው» እያልኩ በእጄ አሸሁት። አብረው ቁጭ ብለው ሲበሉ አፋቸው ይቃጠል፤ ውሃ ውሃ ሲሉ እኔን ያስታውሱ። ሲበቃኝ የከረጢቱን አፍ በድርብ ክር ሰፋሁት።

በማግስቱ ማለዳ ከረጢቱን አንግቦ በሩ ላይ ቆመ። «ዕቃውን ትምህርት ቤት አድርሼ እመጣለሁ» አለ።

«ጃኬትህን ልበስ፣ ይበርድሃል» አልኩት። እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። ትክ ብሎ አየኝና ለብሶት ወጣ።

ሲሄድ ቤቱን ዞሬ አየሁት። ምላጩ አለ። የሠርጋችን ፎቶ አለ። ሰዓቱን እንኳ ጠረጴዛው ላይ ትቶት ሄዷል። እነዚያ ባለ ሠረገላዎች ምድጃቸውን ሜዳ ላይ እንደጣሉት እኔንም ከነዕቃዬ ጣለኝ አልኩና ከስፌት መኪናዬ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ ቁጭ ማለት አቃተኝ። እስከ ሜክሲኮ ሄድኩ፣ በሰንጋ ተራ ዞሬ ተመለስኩ፣ ምን እንደምፈልግ አላውቅም። በሚያልፈው አውቶቡስ ሁሉ ውስጥ አንድ ጋቢ ለሁለት የለበሱ ሰዎች ይታዩኛል።

ሰባት ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። ባሌ ነው፣ ባዶ እጁን።

«ተመለስክ?» አልኩት።

«የት እሄዳለሁ?» አለ።

በሩን ዘጋና አጠገቤ ተቀምጦ በሹክሹክታ ነገረኝ። ጂኦግራፊዋ ታላቅ ወንድም አላት። ሦስት ዓመት ታስሮ ከተፈታ ገና ዓመት አልሞላውም፤ እንደገና እየተፈለገ ነው። ለቤተሰብ ጥየቃ ብላ የይለፍ ወረቀት አወጣችና እሱን ይዛ ወጣች፤ ከጎንደር በኋላ በእግር ወደ ሱዳን ይሻገራሉ። ዝም ብለው ኮዳና ስንቅ ቢሰበስቡ ሰው ይጠረጥራቸዋል፤ የኤግዚቢሽኑ ነው ሲባል ግን ማን ይጠይቃል? ባሌ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኝቷቸው መምጣቱ ነው።

«ታዲያ ከእኔ ለምን ደበቅከኝ?»

«ቢይዙሽ የማታውቂውን አትናገሪም። ለአንቺ ብዬ ነው።»

«ጋቢውስ? ለምን አንድ ሆነ?»

ግራ ገብቶት አየኝ። «ሌላውን ወንድሟ ለብሶታላ!»

እሰይ! ባሌ የእኔ ነው! አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። ወዲያው ጨው ትዝ አለኝ። ድምፄን እንደምንም አስተካክዬ፣ መንገዱ ውሃ አለው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «ከዋናው መንገድ ወጥተው ስለሚሄዱ ቆላው ውስጥ ሁለት ቀን ሙሉ ውሃ አያገኙም ይባላል» አለ። «ደግነቱ በሶሽን ይዘዋል። ሌላው ስንቅ ትንሽ ነው።»

ከዚያ ቀን ወዲያ ውሃ በጠጣሁ ቁጥር ትን ይለኝ ጀመር። ኤግዚቢሽኑ ታየ፣ ሸራዬ ተደነቀ፣ ካድሬው ሳይቀር እጄን ጨበጠኝ። የጂኦግራፊ አስተማሪዋ የት ሄደች ሲሉት ባሌ «እናቷ ታመውባት» ይላል። እኔ ካርታው ፊት ቆሜ፣ በቡኒ የቀባችውን ደረቅ አገር ሳይ ዋልኩ። ለባሌ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ልደታ ማርያም ሄጄ ጃንጥላ ተሳልኩ። «እመቤቴ፣ በሰላም አድርሺያት» አልኩ። ትንሽ ቆየሁና፣ «ግን እንዳትመልሻት» ብዬ ጨመርኩ። ታቦት ፊት ቆሜ እንኳ ቅናቴ አለቀቀኝም።

ስምንት ወር አለፈ። አንድ ቀን ከሰዓት ባሌ እያለከለከ ገባና በሩን ዘጋ። «ደርሰዋል!» አለኝ። ከካርቱም የመጣ ሰው ቃል አድርሶት ነው። መቀሴን ጥዬ እልል ልል ስል አፌን ያዘኝ። «ቀስ በይ፣ ጎረቤት አለ። ለአንቺም መልእክት አላት።»

ጎንበስ ብዬ መቀሴን አነሳሁ።

«እህቴን ይቅርታ ጠይቅልኝ ብላለች። ቆላው ውስጥ ወንድሟ በሶውን ሲበላ ውሃ ጥም ሊገድለው ደረሰ። የቀራቸውን ውሃ ለእሱ ሰጥታው እሷ አንድ ቀን ተኩል አፏን ሳታርስ ሄደች። በሶውን ከነከረጢቱ እዚያው ጥለውት አለፉ። ያን ሁሉ ልፋቷን ሜዳ ላይ ስለጣልኩት ይቅር ትበለኝ ብላለች።»

እህቴ አለች። እትዬ አላለችም። ያኔ እንኳ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ቅናት ነው። በእኔ ጨው ጉሮሮዋ ተቃጥሎ እኔን ይቅርታ የምትጠይቅ ሴት! በመልክ በለጠችኝ፣ በትምህርት በለጠችኝ፣ በዚህም በለጠችኝ። ጸጸቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሲመጣ ደግሞ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

ባሌ እያየኝ ፈገግታው ጠፋ። «ምን ያህል ጨው ነው ያደረግሽበት?» አለኝ።

መዋሸት እችል ነበር። «የቀናሁትን ያህል» አልኩት።

ሦስት ቀን አላናገረኝም። በአራተኛው ቀን ከትምህርት ቤት መጥቶ በሶ አምጪ አለ። በጥብጬ ሰጠሁት። ኩባያውን ተቀብሎ መልሶ ወደ እኔ ገፋው። «መጀመሪያ አንቺ ቅመሺ» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ፣ ልጆች ከወለድንም በኋላ፣ ከእጄ በሶ በተቀበለ ቁጥር እንዲሁ ይለኛል። እሱ እየሳቀ ነበር የሚለው፤ ልጆቹም ነገሩን ሳያውቁ አብረውት ይስቃሉ። እኔ ግን ኩባያውን ተቀብዬ እቀምስ ነበር።