ውሻችንን በካሚዮን የላክን ዕለት

ውሻችን የዓመት ጥጃ ያህል ነበር። ታላቅ ወንድሜ ነው ከቁይ ገበያ፣ ገና ዓይኑን ሳይገልጥ፣ በብብቱ ይዞት የመጣው። ሌሊት ጅብ እሱን ፈርቶ ከቤታችን አጠገብ አይደርስም ነበር፤ ሌላ ቤት ሄዶ ይጮህ ነበር።

ጣልያን ደብረ ማርቆስ ከገባ በኋላ ወንድሜ ዱር ገባ። ልጁ የሸፈተበት ሰው ቤቱ እንደሚቃጠል ሁላችንም አይተናል። ስለዚህ ለጠየቀን ሁሉ «ቆላ ወርዶ ንዳድ ገደለው» እንል ነበር። ቤታችን ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። መንገዱን የሚጠብቁት ባንዳዎች ከሌላ አገር የመጡ ስለነበሩ ወንድሜን በመልክ አያውቁትም። የሚያውቀው ጎረቤት ደግሞ አፉን ይዟል።

መዋሸት ያቃተው ውሻው ብቻ ነበር። ጎሕ ሲቀድ ይነሳና ወደ ገደሉ ይወርዳል፤ ረፋድ ላይ ጭስ ጭስ እየሸተተ፣ የቆላ እሾህ ጅራቱ ላይ ተለጥፎ ይመለሳል። ወንድሜ የትኛው ዋሻ እንደተደበቀ ከውሻው በቀር ከቤታችን የሚያውቅ የለም። ማናችንም እንዳንከተለው ወንድሜ ሲሄድ አስምሎናል።

አንድ ቀን የባንዳዎቹ አለቃ ደጃችን ላይ ቆመና አባቴን ጠራው።

«አንተ ሽማግሌ፣ ውሻህ ኪዳን ያደርሳል እንዴ?»

«ምን አሉኝ ጌታዬ?»

«በየማለዳው ሲገሰግስ አየዋለሁ። ካህን ነው መሰለኝ! አንድ ቀን ተከትዬው አብሬ እሳለማለሁ።»

ጓደኞቹ ሳቁ። አባቴም ሳቀ። እነሱ ሲሄዱ ግን ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

ብናስረው ገመዱን በላው። ቁይ ላሉ ዘመዶቻችን ብንሰጠው እግሩ ቆስሎ ተመለሰ። ቀኑን ሙሉ ስንመክር ዋልን። አባቴ በመጨረሻ ጦሩን ከተሰቀለበት አውርዶ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ተመለሰና ጦሩን ቦታው ሰቀለው። ውሻው ከኋላው ጅራቱን እየቆላ መጥቶ ነበር።

የቀረው መላ ከአባይ ማዶ መስደድ ነበር። የጣልያንን ካሚዮን የሚነዳ አንድ የወሎ ሰው ነበር። ከደብረ ማርቆስ እህል ጭኖ ወደ ሸዋ ሲሄድ ከምንጫችን ለሞተሩ ውሃ ይቀዳል። ቁልቁለቱን ከመውረዱ በፊት ደጀን ሲያድር ሌባ ጆንያውን እየቀደደ አስቸግሮት ነበርና፣ ውሻውን ባየ ቁጥር «ይስጡኝ፣ አባቴ» ይል ነበር። በዚያ ሳምንት ሲመጣ አባቴ «ውሰደው» አለው።

ሾፌሩ የካሚዮኑን የኋላ መዝጊያ አወረደው። ውሻው ተከትሎን መጣ፤ መዝጊያው ዘንድ ሲደርስ ግን ቀጥ አለ። አባቴ ገፋው። ውሻው ሆዱን ከመሬት አጣበቀ። ሾፌሩ ከስንቁ ቁራጭ ሥጋ አውጥቶ ወደ ውስጥ ወረወረለት፤ ውሻው ሥጋውን አየ፣ ምራቁን ዋጠ፣ ፊቱን አዞረ።

«አባቴ፣ ይሄ ውሻ ጾመኛ ነው እንዴ?» አለ ሾፌሩ።

«እግሩን ያዝልኝ፣ ልጄ። አይነክስህም።»

«አይነክስህም ይሉኛል! ጥርሱን አይተውታል? እርስዎ በአፉ በኩል ይያዙ፣ እኔ በጅራቱ ልሁን።»

ሦስት ሆነን አነሳነው። የፊት እግሮቹን መዝጊያው ላይ አሳረፍንለት፤ ጥፍሩ ብረቱን ፋቀውና ተንሸራትቶ ወረደ። ደግመን አነሳነው፣ ደግሞ ወረደ። አልነከሰንም፤ አላጉረመረመም። በለቀቅነው ቁጥር እዚያው ቦታ ላይ ተመልሶ ይተኛል፤ አፍንጫውን ብቻ መዝጊያው ጠርዝ ላይ አድርጎ ወደ ውስጥ ያያል።

ያን አተኛኘት አውቀዋለሁ። ክረምት ዶፍ ሲወርድበት በራችን ላይ የሚተኛው እንደዚያ ነው፤ አፍንጫው ደፉ ላይ፣ ገላው ዝናብ ላይ። ቡችላ ሳለ ወደ ቤት በገባ ቁጥር እናቴ በመጥረጊያ እያባረረች የሰው ቤት የውሻ እንዳልሆነ አስተምራዋለች። ከዚያ ወዲህ ወለል ያለውን ነገር ሁሉ አይረግጥም።

«እምቢ ማለቱ አይደለም» አልኩ። «አይፈቀድልኝም ብሎ ነው።»

ካሚዮኖቹ ተሰልፈው ነበር የሚሄዱት፤ ብቻውን በቀረ ካሚዮን ላይ አርበኛ አደጋ ይጥልበታልና። ፊት ያለው ጣልያን ጥሩንባውን ነፋ። ሾፌሩ «አባቴ፣ ትቼው ልሂድ፤ ሰውዬው ይገድለኛል» አለ። አባቴ ገመዱን በእጁ ይጠቀልላል።

ያኔ እናቴ ከቤት ወጣች። እስከዚያ ድረስ ላለማየት ብላ ከጓዳ ተደብቃ ነበር። መኪና ነክታ አታውቅም። ቀሚሷን ሰብስባ፣ በጉልበቷ እየዳኸች ወጣችና ጆንያው ላይ ተቀመጠች።

«ግባ» አለችው። «ዛሬ ግባ፤ ፈቅጄልሃለሁ።»

ውሻው ጆሮውን አቆመ። እሷን አየ፣ ወለሉን አየ። አንድ እግሩን አነሳና መልሶ አወረደ።

«ግባ፣ የኔ ልጅ። አልመታህም።»

ማንም ሳይነካው ዘሎ ገባ። ቤተ ክርስቲያን በጫማ እንደገባ ሰው አንገቱን ደፍቶ፣ ወለሉን እንዳያቆሽሽ የሚጠነቀቅ ይመስል፣ እየተሳበ ሄዶ ራሱን ጭኗ ላይ አኖረ። ጥሩንባው ደገመ። እናቴ ነጠላዋን ሥሩ አነጠፈችለትና ወረደች። መዝጊያው ገና ክፍት ነበር፤ መውረድ ይችል ነበር። ውጣ ያለው ሰው ስላልነበረ ግን አልወጣም። መንገዱ እስኪጠመዘዝ ድረስ እኛን እያየ ተቀምጦ ሄደ።

አባቴ «ልጃችን ዳነ» አለ። እናቴ «ዳነ» አለች። እኔም አመንኩ።

ሳምንት ሳይሞላ፣ በገበያ ቀን፣ እህል ተሸክመው ከሚያልፉት ሰዎች መካከል አንዱ መንገዱን ለቅቆ ወደ ግቢያችን ገባ። ጆንያውን ከትከሻው ሲያወርድ ወንድሜ ነበር። ከስቷል፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል።

«ውሻው የት ሄደ?» አለ፣ ሰላም እንኳ ሳይለን።

እናቴ እያለቀሰችም እየሳቀችም ነገረችው። እሱ በየተራ ፊታችንን ያይ ነበር።

«እኔ በሕይወት መኖራችሁን የማውቀው እሱ ሲመጣ ነበር» አለ። «መምጣቱን ሲተው ቤቱን ከነናንተ ያቃጠሉት መሰለኝ። እንዴት አልመጣ?»

ይህ ለማናችንም አልታየንም ነበር። ውሻው እኛን ትቶ ወደ እሱ መሄዱን እንጂ፣ የእኛን ደህንነት ይዞለት መሄዱን ማን አሰበ?

እናቴ የሰጠችውን ቆሞ በላ። «እኔ በእግሬ ገደል ለገደል ስኳትን እሱ በካሚዮን ሸዋ ገባ በሉኛ!» ብሎ ሳቀ። ወደ እኔም ዞሮ፣ «አንተ ገጣሚ፣ አንድ ስንኝ እንኳ አልሸኘኸውም?» አለኝ። ለሁሉ ነገር ግጥም እገጥም ነበርና ነው፤ ያን ዕለት ግን አንድም አልወጣኝም ነበር። ራሴን ደባብሶኝ ጆንያውን ተሸከመና ወጣ።

ከቤታችን በታች ባለው ወንዝ መሻገሪያ ላይ ባንዳዎቹ አስቆሙት። ጆንያውን ፍታ ሲሉት ጥሎ ሮጠ። ጥይቱን ከቤት ሆነን ሰማነው።

ሬሳውን መንገድ ዳር አጋድመው ከገበያ የሚመለሰውንም ተኩሱን ሰምቶ የመጣውንም ሁሉ እያስቆሙ «ይህ የማን ነው?» አሉ። አባቴ ጎንበስ ብሎ አየና «የዚህ አገር ሰው አይደለም» አለ። እናቴ ሳትቆም አለፈች። ጎረቤቶቻችን በየተራ አዩት፤ አንዳቸውም አላወቁትም። በኋላ ካህናቱ ለመንገደኛ በሚደረገው ሥርዓት ቀበሩት።

እናቴ የቻለችው እስከ በራችን ድረስ ነበር። ከዚያ ጩኸቷ መንገዱን አናወጠው። የባንዳዎቹ አለቃ ወዲያው ደረሰ።

«ማን ሞተባችሁ?»

አባቴ ወደ እናቴ ዞረ።

«ውሻዬ» አለች እናቴ። «በካሚዮን ወሰዱብኝ።»

ባንዳው ለጊዜው ግራ ገባው፤ ኋላ ትዝ አለውና ሳቁ ፈነዳ። «ያ ካህኑ!»

እሱ እየሳቀ ሳለ ጎረቤቶቻችን መግባት ጀመሩ። አንዲት ባልቴት እናቴ አጠገብ ተቀመጠችና፣ ባንዳው እየሰማ፣ «እንዴት ያለ ውሻ ነበር፣ እኅቴ?» አለቻት።

«ገራም ነበር» አለች እናቴ። «ያቀረብኩለትን ይበላል። ታናሹን አይጨክንበትም። ሲስቅ ጥርሱ...»

ባልቴቷ በኃይል ጮኸችና ድምፅዋን ሸፈነችላት። ሌሎቹም ተቀበሉ።

«ጎጃሜ ለውሻም ለቅሶ ይቀመጣል!» አለ ባንዳው። ይህን ለጓደኞቹ ሊያወራ እየተጣደፈ ወጣ። በበሩ ላይ ወደ ለቅሶው ለሚገቡት ሰዎች መንገድ መልቀቅ ነበረበት።