«ባደረበት ሕመም» ብዬ ያልጻፍኩት

ያሰሩኝ ሰኞ ጠዋት፣ ጎመን እየቀነጠስኩ ሳለ ነው። ሦስት ነበሩ። አንደኛው ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ፤ ከሌላው ሁሉ ይልቅ እሱ አስፈራኝ። «እማማ፣ ለአጭር ጥያቄ ነው» አለኝ። ነጠላዬን ለበስኩ፣ መነጽሬን ያዝኩ፣ ጎመኑ ላይ ሰፌድ ደፋሁበት።

የወሰዱኝ የእህል መጋዘን ወደነበረ ግቢ ነው። ክፍሉ መስኮት የለውም። ከቆርቆሮው ሥር ባለው ክፍተት ትንሽ ብርሃን ይገባል፤ ግድግዳው አሁንም የበቆሎ ብናኝ ይሸታል። ከአሥር የማናንስ ሴቶች ነበርን። ገበያው ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ያላት አንዲት የጉራጌ ሴት ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠችኝ፤ በኦሮምኛ «አዴ»፣ እናቴ ብላ ጠራችኝ።

«አዴ፣ እርስዎ ጋ ደግሞ ምን አገኙ? ቦምብ ነው ወይስ የሹራብ መርፌ?»

«ጽሑፍ» አልኳት።

«እሱስ ይብሳል» አለች።

ስለ ጽሑፉ ልናገር። በሰፈራችን፣ በበከኒሳ ቀሴ፣ ሰው ሲሞት በቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የምጽፈው እኔ ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ በአማርኛም በኦሮምኛም እጽፋለሁ። ቤተሰቡ ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ሌላ ሰው ያነባል። ስሜ አይጠራም። ሲያመሰግኑኝ «እኔ ምን አደረግሁ፤ የነገራችሁኝን ነው» እላለሁ። ከልቤ ነበር። ጸሐፊ ማለት መጽሐፍ ያሳተመ ሰው ነው ብዬ ነበር የማምነው።

ከመታሰሬ ሁለት ሳምንት በፊት የጎረቤቴ ልጅ ሞተ። አስተማሪ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ሰዎች መጥተው ከቤቱ ጠሩት፤ በሦስተኛው ቀን ወደ ሲሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ሬሳው ተገኘ። እናቱ እጄን ይዛ «ባደረበት ሕመም በይልኝ። ሌሎች ልጆች አሉኝ» አለችኝ። ይህ ቃል የማይገባበት የሕይወት ታሪክ የለም፤ እኔም ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት አላውቅም። ያን ቀን ግን እጄ እምቢ አለ። ከጠዋት እስከ ቀትር ወረቀቱ ባዶ ነበር። በመጨረሻ «ከቤቱ ተጠርቶ ወጣ፤ በእግሩ አልተመለሰም» ብዬ ጻፍኩ። ለእናቱ አላሳየኋትም። በቀብሩ ላይ ሲነበብ እሷ እንዳቀረቀረች ቀረች። እኔም ከኋላ ቆሜ ምን አደረግሁ አልኩ።

ማክሰኞ ጠዋት አስጠሩኝ። መርማሪው ያ ጫማውን ያወለቀው ሰው ነበር። ወረቀቱ ፊቱ ተዘርግቷል።

«ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ።»

«ጥሩ አማርኛ ነው። ከራስዎ ነው ያወጡት?»

እንደ ልማዴ መለስኩ። «እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ። የነገሩኝን ነው የምጽፈው።»

እስክሪብቶውን አነሣና ፈገግ አለ። «ማን ነገረዎት?»

ያን ጊዜ ገባኝ። በትሕትናዬ የእናቲቱን በር ከፍቼ ሰጥቼዋለሁ።

«እናቱ ናት፣ አይደል? እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፤ ከእርስዎ ጋር ጠብ የለንም። ማን እንዳጻፈዎት ይጻፉና ወደ ቤትዎ ይሂዱ። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ። ካልጻፉ እሷን አምጥተን እንጠይቃታለን።» ሦስት ወረቀትና አንድ እስክሪብቶ ሰጠኝ።

ክፍሉ ውስጥ ተመልሼ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ። «ማንም አልነገረኝም» ብዬ ጀመርኩ፤ ሰረዝኩት። በጠዋቱ ሌላ ነገር የተናገረችን ሴት ማን ያምናል? የባሰው ደግሞ ራሴም አለማመኔ ነው። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ከእኔ ይወጣል? ለቅሶ ቤት ውስጥ ከሰው አፍ የሰማሁት ይሆናል እያልኩ አሰብኩ። አንደኛው ወረቀት በስርዝ ተሞላ። በሁለተኛው ላይ አንድ ፊደል እንኳ አልወጣልኝም።

ውጭ ቁልፍ ተንቀጫቀጨ። አንዲት ወጣት ተጠራች፤ ነጠላዋን ሳታነሣ ወጣች። አልተመለሰችም። ነጠላዋን ማንም አልነካውም።

«አዴ» አለችኝ ባለሱቋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «ለሞተ ሰው ገጽ ሙሉ ይጽፋሉ፤ ለቆመ ሰው አንድ መስመር አጡ?»

«እኔ ጸሐፊ አይደለሁም።»

«ታዲያ ያሰሩዎት በወጥዎ ነው?»

ከአጠገባችን ከጉቴ የመጣች በዕድሜ የገፋች ባላገር ነበረች። አማርኛ አትሰማም። ባለሱቋ ነገሩን በኦሮምኛ አስረዳቻት። ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረች። «ማል ጄቴ?» አለችኝ፤ ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው ማለቷ ነው። ዓረፍተ ነገሩን በቋንቋዋ ነገርኳት። መልሼ እንድነግራት በእጇ አሳየችኝ። ደገምኩላት።

«ይህን እናት አልተናገረችውም» አለች። «እናት እንዲህ አትልም። እናት ልጄን ትላለች፣ ትጮኻለች። ይህ ቁጭ ብሎ ያሰበ ሰው ነገር ነው። ያንቺ ነው።» ከዚያም «የእኔም ልጅ እንዲሁ ወጣ። የሚጽፍለት አላገኘም» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሁለተኛውን ወረቀት አስተካክዬ ያዝኩ። ቃሉ ሳይቆራረጥ መጣ። «በቀብሩ ላይ የተነበበውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እናቱ ባደረበት ሕመም ብዬ እንድጽፍ ነግራኝ ነበር። እኔ ያንን ትቼ የራሴን ጻፍኩ። ከመነበቡ በፊት አላየችውም። ያ ዓረፍተ ነገር የእኔ ነው።» ከሥሩ ስሜን እስከ አያቴ ድረስ ጻፍኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ከጻፍኩት ነገር ሥር ስሜን አኑሬ አላውቅም ነበር።

መርማሪው ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ጠዋት እንዲህ አላሉም።»

«ጠዋት የመለስኩት በልማድ ነው።»

«ይህ ምን እንደሚያመጣብዎት ያውቃሉ?»

«አላውቅም።»

«ይቀይሩት። አንድ ወረቀት ይቀርዎታል።»

ባዶውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ፤ እስክሪብቶውንም ክዳኑን ገጥሜ ከላዩ አስቀመጥኩ። «ጨርሻለሁ» አልኩት።

ሰባት ወር ቆየሁ። እናቲቱን አልጠሯትም። ባለሱቋ ከእኔ በፊት ተፈታች። የጉቴዋን ሴት ግን አንድ ቀን ወደ ሌላ ቦታ ወሰዷት፤ ወዴት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

አሁንም ሰው ሲሞት የሚመጡልኝ አሉ። ጥቂት ናቸው። ሌሎቹ ፈርተው ትተውኛል፤ አልፈርድባቸውም። ባዶ ወረቀት ፊት ስቀመጥ «አንቺ ማን ነሽና?» የሚለው ነገር ዛሬም ይመጣብኛል። እንዲቀመጥ እተወውና እጀምራለሁ። አንዳንድ ቀን እየጻፍኩ ሳለ አንድ መኪና በበሬ ፊት ፍጥነቱን ይቀንሳል። እጄ ይቆማል። የጀመርኩትን ዓረፍተ ነገር እጨርስና፣ ከዚያ በኋላ ነው ቀና ብዬ በመስኮት የማየው።