አሚን ያላልኩበት እሁድ

ልጅ እያለሁ አዲስ አበባን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በድንኳን ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው ከጣቴ ብዙም አይሰፋም። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ሌላውን ስለጥፍበት ከተማው በሙሉ እዚያች ውስጥ ይገባ ነበር፤ ሽክርክሪቱ፣ ፊኛው፣ የስኳር ጥጥ የያዙ ልጆች፣ አባታቸው ትከሻ ላይ የተቀመጡ ሕፃናት። ከኋላዬ የቅቤና የሚጥሚጣ ሽታ፣ አንድ በርሜል ውሃና የሳህን ክምር ነበረ። ሰው ስለ ልጅነቱ ሲያወራ ድምፁ ይለሰልሳል። እኔም የሚያለሰልሰኝ ብዙ ነገር አለኝ። ይሄኛው ግን እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ያደግኩት ቡታጅራ ነው። ያን ዓመት አረፋ ከአደይ አበባ ጋር መጣ። እኩዮቼ ያቺን ወቅት ታውቋታላችሁ፤ ዝናቡ ቆሞ ጭቃው ያልደረቀባት፣ ትምህርት ተጀምሮ መጽሐፍ ያልታደለባት፣ አዲስ ደብተር ሲገልጡት የሚሸትባት። አባቴ ብስክሌት ይጠግን ነበር። ከበረንዳው ፊት፣ እሱ በጣለው የጎማ ቁራጭ ሱዚ እንዘላለን። ጫማችን ቀይ አፈር ይጠግባል፤ እናቴ ትጮሃለች፤ እኛ እንዘላለን። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ አምስተኛ ክፍል ገብቼ ሁለተኛ ሳምንቴ።

የአዲስ አበባ ዘመዶቻችን ለአረፋ ሲመጡ ስኳር፣ ዘይትና ልብስ ጭነው ነው። ሲመለሱ ደግሞ ቆጮ፣ ቅቤ፣ ሚጥሚጣና ልጅ ጭነው ይሄዳሉ። አልቀለድኩም። ልጅም ይጫናል። ከየቤቱ አንዲት፣ አብዛኛውን ጊዜ ሴት፣ ፀጉሯ ተሠርቶ፣ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ከጆንያው ጎን ትቀመጣለች። እኛ ደግሞ በቅናት እየተቃጠልን ከመኪናው ኋላ እንሮጣለን። ዕድል ነበር የሚመስለን። ትልልቆቹም «ዕድለኛ ናት» ነበር የሚሉን።

አክስቴ ዘሃራ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። አዲስ አበባ ክትፎ ቤት አላት። ሳቋ ከእሷ ቀድሞ ግቢ ይገባል። ስትመጣ ቤቱ ይሞቃል፣ ስትሄድ ይበርዳል፤ ይሄን ልክድ አልችልም። አረፋ አልፎ ሐሙስ ቀን አባቴ ጎን ተቀምጣ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«ይቺን ስጠኝ» አለችው።

«የት ልትወስጃት?»

«ከተማ ላሳያት ነዋ! ቅዳሜና እሁድ ትልቅ ባዛር አለ። ሽክርክሪት አለ፣ ሩጫ አለ፣ የሌለ የለም። ሁለት ቀን አዝናንቻት ሰኞ ትምህርቷ ላይ ናት፣ ኢንሻአላህ።»

አባቴ እጁ ላይ ያለውን ግራሶ በጨርቅ ጠረገ፤ ሲጠርግ ብዙ ቆየ። ከዚያ ሳያየኝ «ሂጂ» አለኝ።

ታናሽ እህቴ ሙና ያኔ ስምንት ዓመቷ ነው። አርብ ከጁምዓ በኋላ መኪናው ሲመጣ ቀድማኝ ገብታ ተቀመጠች፤ እናቴ ጎትታ እስክታወርዳት ወንበሩን አልለቅም ብላ አለቀሰች። ለእኔ ደግሞ እናቴ ሻሼን እያሰረችልኝ «የሰው ቤት ዓይንሽን ስበሪ፣ እጅሽን ለሥራ ፍቺ» አለችኝ። አያችሁ? ሴት ልጅ ለመንገድ የሚቋጠርላት ስንቅ ይሄ ነበር። ዓይን መስበር፣ እጅ መፍታት።

ቅዳሜ ጠዋት የአረፋ ቀሚሴን ለብሼ ከአክስቴ ጋር ባዛሩ ደረስን። ሞንታርቦው ከሩቅ ደረቴን ይመታኛል። ሽክርክሪቱን ሳየው እግሬ ወደዚያ ሄደ፤ አክስቴ ግን በትከሻዬ አዙራ ከቆጮው ጆንያ ጋር በኋላ በር አስገባችኝ። ክትፎ የምትሸጥበት ድንኳን ነው። ከኋላ ባለው ጠባብ ክፍል ሰዓዳ የምትባል ሠራተኛዋ ክትፎው የሚቀርብበትን የእንሰት ቅጠል በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች።

«አንቺ ነሽ አዲሷ?» አለችኝ።

«የምን አዲስ?»

«አለማምጃት ተብያለሁ። እኔ ላገባ ነው፤ ከኅዳር በኋላ የለሁም።» ሽርጥ ወረወረችልኝ።

«እኔ እንኳ እንግዳ ነኝ» አልኳት።

ሰዓዳ ሳቀች። ክፋት አልነበረበትም ሳቋ። «እኔም እንግዳ ነበርኩ» አለች።

ሽርጡን ሳላስር ወደ አክስቴ ሮጥኩ። ደንበኛ በደንበኛ ላይ ሆኖባት ነበር።

«አክስቴ፣ ሰኞ እመለሳለሁ አይደል?»

«እዚህ ትምህርት ቤት ጠፋ እንዴ? የማታ ትማሪያለሽ። ከዚያ ጭቃ አይሻልሽም?»

«አባቴስ?»

«አባትሽማ ያውቃል» አለችና ለደንበኛው ፈገግ አለች።

አባትሽማ ያውቃል። ሁለት ቃል ናት። ያን ቀን ስንት ሳህን እንዳጠብኩ አላስታውስም፤ ያቺን ሁለት ቃል ግን ከእያንዳንዱ ሳህን ጋር አጥቤያታለሁ፤ አልለቀቀችም። የአረፋ ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ራሰ። ፋታ ሳገኝ ሸራው ላይ ያለችውን ቀዳዳ አገኘኋትና ዓይኔን ለጠፍኩባት። እኔን የሚያካክሉ ሴቶች ልጆች ሽክርክሪቱ ላይ ሆነው ይጮሃሉ። ሲወርዱ እንደገና ይሰለፋሉ። መጮህና መሰለፍ ብቻ ነው ሥራቸው! አንዷ ወደ ድንኳኑ ተጠግታ ከውጭ በኩል ዓይኗን ለጠፈች። ዓይን ለዓይን ተፋጠጥን።

«እማዬ፣ እዚህ ውስጥ ልጅ አለች!» ብላ ጮኸች።

እናቷ መጥታ በቀዳዳው አየችኝ። «ነይ፣ ሥራ ላይ ናት» አለቻትና ይዛት ሄደች።

ስንት ጊዜ እንዳሰብኳት ያቺን ሴትዮ! ክፉ አልነበረችም። ልጇን በጨዋ ደንብ ነው የመለሰቻት፤ ሥራ ላይ ያለ ሰው አይረበሽማ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሥራ ላይ ናት፣ በቃ፣ አለቀ።

እሁድ ጠዋት ሩጫ ነበረ። ከሩጫው በኋላ ባለ ቢጫ ቲሸርቱ ሁሉ ተርቦ ወደ ባዛሩ ጎረፈ። ወደ ቀትር ግን ድንኳኑ ውስጥ ጫጫታው ጸጥ አለ፤ ሐጂ ከድር ከአምስት ስድስት ያገራችን ሰዎች ጋር ገቡ። ሐጂ የመስቃን ሽማግሌ ናቸው። ጉዳይ ሊጨርሱ አዲስ አበባ የመጡ ሰሞን ነው። በእኛ አገር የእሳቸው ዱዓ ያልተደረገበት ሱቅ አይከፈትም፣ ልጅም አይዳርም። አክስቴ እጃቸውን ስማ አስቀመጠቻቸው። እኔን በጆሮዬ «ውሃ አስታጥቢ፣ ፊትሽንም አስተካክዪ» አለችኝ።

አስታጠብኩ። በሉ። ሲጨርሱ ሐጂ እጃቸውን ዘረጉ፤ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ያገር ሰው ሁሉ እጁን ዘረጋ። ለአክስቴ ቤት በረካ ለመኑ፤ አሚን። ለሩቁ ዘመድ ጤና ለመኑ፤ አሚን። ከዚያ ዞር ብለው አዩኝ። ደግ ፊት ነው ያላቸው።

«ይቺም ልጃችን እዚሁ ትደግ። ለአክስቷ ቀኝ እጅ ትሁናት።»

«አሚን!» አለ ሰው ሁሉ።

እናቴ ያስተማረችኝ አንድ ነገር ነበር፤ ዱዓ ደብዳቤ ነው፣ አሚን ማኅተሙ ነው ትለን ነበር። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይደርሳል። የውሃውን ጆግ በሁለት እጄ ግጥም አድርጌ ያዝኩ።

ሐጂ አስተዋሉኝ። «ልጄ፣ አሚን በይ እንጂ።»

«አልልም።»

አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። አክስቴ «ምን አልሽ አንቺ!» ብላ ብድግ ስትል ሐጂ እጃቸውን አነሱባት።

«ተያት። ለምንድነው የማትዪው?»

አፌ ያኔም እንደ አሁኑ ነበር። «አሚን ካልኩ ይደርሳል። እኔ ቤቴ ነው የምሄደው። ከተማ አሳይሻለሁ ብላ ነው ያመጣችኝ፤ ያየሁት ሳህን ነው። ነገ ሰኞ ነው፣ ትምህርት አለኝ።»

«ሐጂ፣ ልጅ ናት፣ አትስሟት» አለች አክስቴ፤ ሳቋን ልታመጣው ሞክራ አልመጣላትም። «አባቷ ፈቅዶ...»

«አባቷን አልጠየቅኩሽም» አሉ ሐጂ። የተዘረጉ እጆቻቸውን አዩ። «እኔም ሳልጠይቃት ነው የመረቅኳት። አሁን ይሄን ምርቃት የት ላድርሰው? እጄ ላይ ቀረ እኮ!»

ሰዎቹ ሳቁ። ሐጂ ግን አልሳቁም። እንደገና እጃቸውን ዘረጉ። «እንግዲህ ይቺ ልጅ በሰላም ወደ ቤቷ ትግባ። ደብተሯን አላህ ይባርክላት።»

ጆጉን መሬት አስቀምጬ እጄን ዘረጋሁ። «አሚን!» ያልኩት ጩኸት ሞንታርቦውን ሳይበልጠው አይቀርም። አክስቴም አለች። ጥርሷን ነክሳ ነው፤ ግን አለች፤ በዚያ ሁሉ ያገር ሰው ፊት ምን ታደርጋለች? ከሰዓት በኋላ ሐጂ ራሳቸው መናኸሪያ ወስደው የቡታጅራ መኪና ውስጥ ከጎናቸው አስቀመጡኝ። መንገድ ላይ ያለችውን ቡኢን ሳናልፍ ትከሻቸው ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ።

አባቴ የተገለበጠ ብስክሌት ላይ አጎንብሶ አገኘሁት። «መጣሽ?» አለኝ። ቀና አላለም። ይሄው ነው፤ ስለዚህ ነገር እኔና አባቴ እስከ ዛሬ የተነጋገርነው ይቺን ብቻ ነው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጀግና ነበርኩ። አላለቀም። ማታውኑ ሙና ምንጣፍ ላይ ተጠግታኝ «ምን አየሽ?» አለችኝ። ሰኞ ደግሞ ጓደኞቼ ከበቡኝ። ምን ልበላቸው? በዚያ ሁሉ ቅናት ፊት ሳህን ሳጥብ ዋልኩ ልበል? ሽክርክሪቱ ላይ ወጣሁ አልኳቸው። ሦስት ጊዜ። ከላይ ሆኜ ከተማው በሙሉ ታየኝ፤ የስኳር ጥጥ ምላሴ ላይ ሟሟ። የድንኳኑን ፊት ነገርኳቸው እንጂ ጀርባውን አልነገርኳቸውም። ሙና ያን ወሬ ዓመቱን ሙሉ አስደገመችኝ። በየጊዜው አንድ ነገር እጨምርላት ነበር።

በሚቀጥለው አረፋ አክስቴ መጣች። የአባቴ ሥራ ቀዝቅዞ ነበር፤ ቤት ውስጥ ሹክሹክታው «ከሁለቱ አንዷ ትሂድ» የሚል መሆኑን ሰምቻለሁ። ሐጂ ከድር ቤታችን ተቀምጠዋል። የባለፈው ገብቷቸው መሰለኝ በዚህኛው ጊዜ ጠየቁ፤ ሙናን አስጠግተው «አንቺ መሄድ ትፈልጊያለሽ ልጄ?» አሏት። ሙና እኔን አየችኝ፤ ዓይኗ ውስጥ ያ እኔ የገነባሁት ሽክርክሪት ይዞራል። «አዎ!» አለች። ሐጂ እጃቸውን ዘረጉ። ሁሉም አሚን አለ። ሙናም አለች።

እኔም አልኩ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ አልጋችን ጠባብ ነበር፣ ካልሄደች እኔ ነኝ የምሄደው። አሚን አልኩ። እስከ ዛሬ ሰው ሁሉ ላይ የምጮኸው፣ አክስቴ ላይ፣ አባቴ ላይ፣ «ሥራ ላይ ናት» ያለችው ሴትዮ ላይ፣ ይቺን ለመሸፈን ይሆን እላለሁ አንዳንዴ። ይሁን። እነሱም አጥፍተዋል። ትልልቆቹ እነሱ ነበሩ።

እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ አሁን ጉብሬ ከተማ፣ ለተማሪ ጽሑፍ በሚባዛበት ቤት እሠራለሁ። የማታ ትማራለች የተባለችው ሙና ከሦስተኛ ክፍል አላለፈችም፤ አንድም ማታ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልደረሰችም። አሥራ ዘጠኝ ሞልቷታል፤ የአክስቴ ክትፎ ቤት ያለ እሷ አይከፈትም። ባለፈው ጥቅምት ቅዳሜና እሁድን ይዤ ሄድኩ። የከተማው ሰንበት ያኔ ከነበረው አሥር እጥፍ አምሯል። አስፋልቱን ዘግተው ለልጆች ይለቁላቸዋል፤ ባለ ጎማ ጫማ አድርገው ይንሸራተታሉ፣ መሬት ላይ በጠመኔ ይሥላሉ፣ አበባው በየአደባባዩ ተተክሏል። ያኔ አንድ ሽክርክሪት ነበር፤ አሁን ስንት እንዳለ እንጃ። ሙና ግን ቅዳሜ መውጣት አልቻለችም፤ ቅዳሜ ገበያው ይደራል። እሁድ ከሰዓት የአንድ ሰዓት ፈቃድ ለምና ወጣች። የተዘጋው መንገድ ጠርዝ ላይ ተቀመጥን። እጇ ቅቤ ቅቤ ይላል።

ልጆቹን እያየች «አራተኛ ክፍል ላይ ግን ምንድነው የምትማሩት የነበረው?» አለችኝ።

የአካባቢ ሳይንስ፣ ካርታ፣ ክፍልፋይ አልኳት።

«ክፍልፋይ ምንድነው?»

«አንዱን ነገር እኩል እኩል መከፋፈል ነው» አልኳት። «አንቺ ቆጮ ስትቆርጪ እንደምትሠሪው።»

«እሱን ከሆነማ አውቀዋለሁ» ብላ ሳቀች፤ ሰዓቱን አይታ ቀሚሷን እያራገፈች ተነሳች።