ያሳደደውስ ማን ነው?

በቤታችን ጠርጣራዋ እኔ ነኝ። ሰው ስጦታ ይዞ ቢመጣ ምን ፈልጎ ነው እላለሁ፤ ባዶ እጁን ቢመጣም ምን አስቦ ነው እላለሁ። ተማሪዎቼ ሳይቀሩ ያውቁብኛል። ፈተና ላይ ጣራ ጣራ የሚያይ ልጅ ካለ አጠገቡ ቆሜ እኔም ጣራውን አያለሁ። “ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር” የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው ዘመዴ ሳይሆን አይቀርም።

ስለዚህ አባዬ አንድ ሐሙስ ማታ ራታቸውን ሳይጨርሱ “ቅዳሜ ደባርቅ ትወስጅኛለሽ” ሲሉኝ ጉርሻዬን ወደ ትሪው መለስኩት። አባዬ እግራቸው ሲደክም ከገጠር አምጥቻቸው ዳባት እኔ ዘንድ ነው የሚኖሩት። ከቤት ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ቤት፤ ከዚያ ወዲያ መንገድ የላቸውም። ደባርቅ ደግሞ ከታናሽ ወንድሜ በቀር የምንጠይቀው ሰው የለንም። አባዬ የእሱን ስም ከጠሩ ዓመታት አልፈዋል።

ወንድሜ አናጢ ነው። ደባርቅ ገበያው ዳር በር፣ አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ የሬሳ ሳጥንም ይሠራል። እጁ የተባረከ ነው ይሉት ነበር። ጴንጤ ሆነ የሚለው ወሬ የደረሰን ከጥቂት ዓመታት በፊት በዐቢይ ጾም ነው። መጀመሪያ ወሬውን አላመንኩም፤ እውነት መሆኑን ሳረጋግጥ ደግሞ እሱን ማመን አቃተኝ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከቅዳሴ ቀርቶ የማያውቅ፣ ድቁና ለመቀበል ጥቂት ቀርቶት የነበረ ልጅ፣ እንዲያው በባዶ ሜዳ ማተቡን አይፈታም። በአገራችን እንዲህ ያለው ሲያጋጥም “በስንዴና በዘይት ገዙት” ይባላል። እኔም የተገዛበትን ዋጋ በዓይኔ ለማየት ቆርጬ ተነሣሁ።

በርበሬ አመጣሁላችሁ ብዬ ሄድኩ። ሚስቱ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ጓዳቸውን በረበርኩ። የዱቄቱን ዕቃ ከፈትኩ፣ አልጋው ሥር ተጎነበስኩ፣ ጥግ ላይ ያለውን ቢጫ ጀሪካን ወዘወዝኩ። ከበድ ሲለኝ አገኘሁህ ብዬ ክዳኑን ፈታሁ፤ ውሃ ነው። ዱቄታቸው ከእኔ ቤቱ ያነሰ ነው። ባለፈው ጊዜ የነበረው ቴሌቪዥን የለም፤ ሸጠውታል። ሰው እንዴት ተገዝቶ ይደኸያል? ይህ ደግሞ የባሰ አጠራጠረኝ።

የደኸየበትን ምክንያት ለማወቅ ግን መርማሪ አያስፈልግም ነበር። ዕድሩ አስወጣው። ሚስቱ ቦኖ ውሃ ስትሄድ ወረፋዋ ደርሶ እንኳ ሌላ ጀሪካን ይቀድማታል፤ ብትናገር የሚሰማት የለም። በጨለማ ጣራቸው ላይ ድንጋይ ይወርዳል። አልጋና በር ያዘዙት ሰዎች አንድ በአንድ ተዉት። የሬሳ ሳጥኑማ ጭራሽ ቀረ፤ መናፍቅ የነካው ሳጥን ቅጥረ ቤተ ክርስቲያን አይገባም ተባለ። ይህን ያሉት ቄሶቹ ይሁኑ ሌላው አናጢ እስካሁን አላጣራሁም። ጥርጣሬዬ ግን ወደ አናጢው ያደላል።

አባዬ ወሬውን ሲሰሙ አልጮኹም። እንደ ሐዘንተኛ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ እህልም አልቀምስ አሉ። ሲነሡ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ “ስሞት ከሬሳዬ አይድረስ።” ይህንን ለወንድሜ ያደረሰለት ሰው አልታጣም። በዚያው ቀን ደወለልኝና “እውነት ነው?” ብሎ ብቻ ዘጋው። እኛ ዘንድ የአባቱን ሬሳ ያልተሸከመ ወንድ ልጅ ሌላ ምን ቃል ይወጣለታል? አባዬ ሰማንያን አልፈዋል። በየክረምቱ ሳላቸው ይጠናል። አንድ ቀን ይሞታሉ፤ ያን ቀን ወንድሜ ከአጥር ውጭ ቆሞ ሊያለቅስ ነው። እምነቱን ባልቀበለውም ይህን አልፈልግለትም።

ከዚያ ሐሙስ በፊት በነበረው እሑድ ደብራችን እንግዳ ሰባኪ መጥቶ ነበር። ክርስቲያን በዘመናት ሁሉ እንደተሰደደ፣ እንደተወገረ፣ በእሳት እንደተፈተነ እያነሣ ሕዝቡን አስለቀሰው። ለአባዬ አዲስ ነገር አልነበረም። እኛን ያሳደጉን የሰማዕታቱን ገድል እየነገሩ ነው። ቅዱሳኑ ድንጋይ ሲዘንብባቸው እሳቸው ሲያለቅሱ፣ እኛም እሳቸውን አይተን ስናለቅስ ነው ያደግነው። ያን ዕለት ግን ዓይናቸው ደረቅ ነበር። ወደ ቤት ስንመለስም አላወሩኝም። ሐሙስ ማታ ደባርቅ ውሰጅኝ አሉ።

እኔም መጠርጠር ጀመርኩ። ስብከቱ ልባቸውን አቃጥሎታል፤ ልጄ የሰማዕታትን ሃይማኖት ክዷል ብለው ሊረግሙት ነው አልኩ። የአባት እርግማን ቀልድ አይደለም። የተረገመ ቤት አያፈራም ሲባል ነው የሰማነው፤ ደግሞ ወንድሜ ጴንጤ ይሁን እንጂ የሰሜን ልጅ ነው፣ እርግማን ይፈራል። ዓርብ ማታ የክት ጋቢያቸውን አስወጡኝ። ለምርቃት ይሆን ብዬ ፊታቸውን አየሁ፤ ጠቁሯል። ለማስቀረት ዝናብ ይመጣል አልኩ፣ መኪና አይገኝም አልኩ፣ ወገቤን ያመኛል አልኩ። “እንግዲያው ብቻዬን እሄዳለሁ” አሉ። ቅዳሜ ጧት አብረን ሚኒባስ ተሳፈርን።

ከዳባት ደባርቅ ያለው መንገድ ረጅም አይደለም፣ ለእኔ ግን ያን ቀን አላልቅ አለ። ገብሱ ታጭዶ ክምር ሆኗል፤ ጉሙ ከገደሉ በኩል እየወጣ ክምሩን ይሸፍነዋል። አባዬ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል። ወቅን ከተማን ስናልፍ ወደ እኔ ዞሩ።

“አንች ታሪክ ታስተምሪያለሽ። ያ ሰባኪ የተናገረው እውነት ነው?”

እውነት ነው አልኳቸው። የሮም ነገሥታት ክርስቲያኖችን ለአንበሳ መስጠታቸውን፣ በእኛም አገር አብያተ ክርስቲያናት የነደዱበት፣ ካህናት የታረዱበት ዘመን መኖሩን ነገርኳቸው። ዛሬም ክርስቲያን በመባሉ ብቻ የሚገደል ሰው በዓለም ላይ አለ አልኳቸው። ይህን እኔም አልጠረጥረውም።

“ያሳደደውስ ማን ነው?”

“አረማውያን ነገሥታት፣ ከሃዲዎች…”

“ሁልጊዜ?”

ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ አልገባኝም፤ ወጥመድ መስሎኝ አሰብ አደረግሁ። ግን የመምህር ነገር፣ ሲጠይቁት ዝም ማለት አይችልም። ሁልጊዜ እንኳ አይደለም አልኩ። አንድ ንጉሥ ከባሕር ማዶ የመጣውን የካቶሊክ ሃይማኖት ተቀብለው ገበሬው አልቀበልም ብሎ ያለቀበትን ዘመን አነሣሁላቸው። ገዳዩም ሟቹም የተጠመቀ፣ ሁለቱም አንድ ጌታ የሚጠሩ ነበሩ። እዚሁ እኛው ተራራ ላይም ቤተ እስራኤሎች ሃይማኖታችንን ከምንተው ብለው ራሳቸውን ወደ ገደል እንደጣሉ፣ ያኔ ያሳደዳቸው ጦር የክርስቲያን ጦር እንደነበረ ነገርኳቸው። ክፍል ውስጥ ይህችን ቶሎ ብዬ ነው የማልፋት። ለአባዬ ለምን ቀስ ብዬ እንደነገርኳቸው አላውቅም።

“ይኸን ለተማሪዎችሽ ታስተምሪያለሽ?” አሉ።

“ትንሽ” አልኩ።

“ትንሽ” ብለው ደገሙና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። እኔም የእርግማኑን ቃል በልባቸው እያሰናዱ ነው ብዬ ደመደምኩ።

ከመናኸሪያው በባጃጅ ገበያው ዳር ወረድን። ገበያው ሞልቷል፤ ወደ ሊማሊሞ የሚወርዱት የጭነት መኪኖች ጡሩንባ ጆሮ ይበጥሳል። የወንድሜ ቤት ፊት ለፊት አንድ እህል ነጋዴ ጆንያዎቹን ዘርግቷል። አውቀዋለሁ፤ የዕድሩ ዳኛ ነው፣ ወንድሜን ያስወጣውም እሱ ነው። አባዬን ሲያይ ከመቀመጫው ተነሥቶ እጅ ነሣ። ከዚያ ወዴት እንደምንሄድ ሲያይ እዚያው ቆሞ ቀረ።

ወንድሜ በራፉ ላይ የተሰበረ ባለ ሦስት እግር ዱካ ይጠግናል። ከዚያ ሌላ ሥራ አልነበረውም፤ ጣውላው ግድግዳውን ተደግፎ አቧራ ለብሷል። ቀና ሲል አባዬን አየ። መዶሻውን ጥሎ፣ ጸጉሩ ላይ ሰጋቱራ እንዳለ፣ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለና ግማሽ ላይ ቆመ። ይፈቀድልኝ ይሆን ብሎ ነው። እንደታጠፈ ቀረ፤ ሊስምም ቀና ሊልም አልቻለም። እኔ የአባዬን ክንድ ያዝኩና “አባዬ፣ እባክዎ” አልኳቸው። ክንዳቸውን በቀስታ አስለቀቁኝ።

“ሳጥን ፈልጌ ነው የመጣሁ” አሉ።

ወንድሜ ምን ዓይነት ሳጥን እንደሆነ ጠየቀ።

“የሬሳ። የራሴን።”

እዚህ ላይ አእምሮዬ ሁሉ ጥርጣሬ ሆነ። አባዬ በሬሳ ሳጥን የሚያሾፉ ሰው ናቸው። አባቶቻችን በሰሌን ተጠቅልለው ነው የሄዱት፣ ሳጥን የከተማ ሰው ጌጥ ነው፣ ምስጥ እንጨት አይፈራም ይላሉ። ለቀብር የሚሆናቸውን ሰሌንም ከገጠር ሲመጡ ይዘው መጥተው እኔ ቤት ሰቅለውታል። ሳጥን አይደለም የመጡበት አልኩ በልቤ። ሳጥኑን አሠርተው ፊቱ ላይ ሊሰብሩት ይሆን? ሌላ ነገር አልታየኝም።

አባዬ ከዘራቸውን ለእኔ ሰጡኝ። ጫማቸውን አወለቁ። ከዚያ ወንድሜ ጣውላ የሚልግበትን ረጅም ጠረጴዛ በእጃቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው ወጡበትና በጀርባቸው ተጋደሙ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አመሳቀሉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። “ለካኝ” አሉ።

ገበያተኛው መሰብሰብ ጀመረ። ሽንኩርት የያዘች፣ በግ የሚጎትት፣ ሁሉም ቆመ። ሽማግሌ በሕይወት እያሉ እንደ ሬሳ ተዘርግተው ማየት ያስደነግጣል፤ እኔም ፈራሁ። ወንድሜ ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ ይዞታል እንጂ አልዘረጋውም። ይኼኔ የዕድሩ ዳኛ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። በአክብሮት ነው የተናገረው፣ ያን አልክድበትም።

“አባቴ፣ ለእርስዎ የሚሆን አናጢ ታች ሰፈር አለ እኮ። የዚህን ሳጥን ደብሩ አያስገባብዎትም።”

አባዬ ዓይናቸውን አልገለጡም።

“ስማኝ ወንድሜ” አሉ። “ይኸ ልጅ ተሳስቷል። ተሳስቷል እያልሁ እኖራለሁ፣ ተሳስቷል እያልሁ እሞታለሁ። ነገር ግን እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ለሰማዕታት ሳለቅስ፣ ድንጋይ የወረወረባቸውን ንጉሥ ስረግም ኖሬያለሁ። በዚህ ልጅ ጣራ ላይ የወረወረው የትኛው ንጉሥ ነው? እኛው ነን፤ ጾመን፣ ቆርበን። እኔም ከሬሳዬ አትድረስ ብየዋለሁ። ከዚያ የሚብስ ድንጋይ ከየት ይመጣል?”

ሰውየው እጁን አፋተገ። “እኔ ከልክዬ ሳይሆን ካህናቱ እንዳይመልሷችሁ ሰግቼ ነው” አለ፤ ያለው እውነት ይሁን ማምለጫ አላውቅም። ካህናቱ ምን እንደሚሉም አላውቅም ነበር፤ ሳስበው እንደሚከለክሉ ነው የታየኝ።

“ከመለሱኝ በሩ ላይ አስቀምጡኝ” አሉ አባዬ። “እኔ እንደሆንሁ አልቸኩልም።”

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ እንባዬ መጥቶ ነበር። ወንድሜ ሜትሩን በእጁ እያሻሸ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሟል። ሲናገር ድምፁ እንደ ልጅነቱ ቀጠነ።

“አባዬ፣ ማን ይሸከመዋል?”

“ማን ይሸከመዋል? የሠራው ነዋ።”

ወንድሜ ሰጋቱራው ላይ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። በዚያ ሁሉ ገበያተኛ ፊት፣ ትልቅ ሰው፣ የልጆች አባት፣ እየተንሰቀሰቀ አለቀሰ። ማንም አላጽናናውም፣ ማንም አልሄደም። አባዬ እንደተጋደሙ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ።

“ተነሥና ለካኝ እንጅ፣ በርዶኛል” አሉት።

ተነሣ። የሜትሩን አንድ ጫፍ ለእኔ ሰጠኝና በአባዬ ራስ በኩል ያዝኩለት። እሱ ጎንበስ ብሎ መጀመሪያ እግራቸውን ሳመ፤ ከዚያ ለካ።